የወይዘሮ ሽታዬ የመጨረሻ ጋቢ

በአንድ ወቅት፣ ኅዳር ታጥኖ ጭሱ ከሰፈሩ ሳይጠፋ፣ ጉንፋን በአንድ የደጋ ከተማ ቤት ለቤት ይዞር ጀመር። ሲዞር ሲዞር ወይዘሮ ሽታዬ ቤት ገባ። ወይዘሮ ሽታዬ በፈትላቸው የታወቁ አሮጊት ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» ብለው የፈተሉት ጋቢ ከሸማኔ ገና መምጣቱ ነበር።

መጀመሪያ አስነጠሳቸው፤ ከዚያ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና ቁርጥማት አልጋ ላይ ጣላቸው። እንግዲህ በእኛ አገር ሐኪም ያልሆነ ጠያቂ የለም። አንዱ «ብርድ ነው»፣ ሌላው «ምች ነው» እያለ ቤቱን ሞላው። ነፋስ እንዳይመታቸው መስኮቱ ተደፈነ፤ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ተከመረ። በሽተኛዋ ከጉንፋኑ ይልቅ በጠያቂው ብዛት ታፈኑ።

ልጃቸው ትርንጎ ከአጠገባቸው አልተነሣችም። ምግብ እንቢ ሲሉ ሾርባ፣ ሾርባ እንቢ ሲሉ ዝንጅብልና ማር የገባበት ሙቅ ውኃ፣ እሱንም እንቢ ሲሉ ተራ ውኃ በማንኪያ ታጠጣቸዋለች። ትኩሳቱ ሲያይል ማስታገሻ ትሰጣለች። «ተይኝ ልተኛበት» ሲሏት፣ «ጠጪና ትተኛለሽ» ትላለች። በመጨረሻ ጉንፋኑ እሷንም ያዛት፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና እየሳለች አስታመመች።

ወንድሟ ደባሱ ደግሞ ሰፈሩ አይቶት የማያውቀውን ነገር አደረገ። መስኮቱን ከፈተ፣ የተከመረውን ብርድ ልብስ አቀለለ፣ ከዚያ በርጩማ ይዞ ደጅ ላይ ተቀመጠ። «እማዬ ማረፍ አለባት፤ በሽታውም ይጋባል። ሲሻላት ትመጣላችሁ» እያለ ጠያቂውን ሁሉ መለሰ። አንዲት ጎረቤት ከራሷ የተረፈ አሞክሲሊን ብታመጣለት፣ «ይሄ ለጉንፋን አይሆንም» ብሎ አልተቀበላትም። የታመመ እንዳይጠየቅ መከልከል በዚያ ሰፈር ከስድብ ይብሳል። የእድሩ ዳኛ እንኳ ከደጅ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ የደባሱን ሰላምታ አይመልሱም።

ከዚያ ተሻላቸው። ትኩሳቱ ለቀቀ፣ ተቀምጠው ገንፎ ቀመሱ፣ ቤቱ ሁሉ «ተመስገን» አለ። በማግስቱ ጠዋት ግን ስንዱ፣ ሩቅ አገር የሚሠራው የታናሽ ልጃቸው ሚስት፣ ቁርስ ይዛ ገብታ ደነገጠች። ትኩሳቱ ተመልሷል፤ አማቷ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

«ይሄ ጉንፋን ብቻ አይደለም። ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለች።

«ትናንት እኮ ተሽሏት ነበር» አለ ደባሱ።

«አታንገላቻት፣ ትተኛበት» አለች ትርንጎ።

ወይዘሮ ሽታዬም እያለከለኩ፣ «ለጉንፋን… ሐኪም ቤት… ማን ሄዶ ያውቃል?» ብለው ተቆጧት። ምራት ለአማቷ መልስ አትሰጥም። ስንዱም ባጃጅ ጠርታ፣ አማቷን ደግፋ አሳፈረቻቸው።

ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጠው፣ «የሳንባ ምች ሆኗል» አሉ። «ብትዘገዩ ኖሮ ያሰጋቸው ነበር። ውኃ አጥተውና ዕረፍት ተነፍገው ቢመጡ ደግሞ ይሄን የሚቋቋም አቅም አይኖራቸውም ነበር።» መድኃኒት ታዘዘ፤ ወይዘሮ ሽታዬም ዳኑ።

በእግራቸው መቆም ሲችሉ ሦስቱን ጠርተው ጋቢውን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ሲያዩአቸው እንባቸው መጣ።

«እናንተን የሰጠኝ አምላክ ይመስገን። ጋቢው ግን አንድ ነው፤ ዓይኔም ሌላ አይፈትልም። ለማን ልስጠው?»

ትርንጎ፣ «ነፍስሽን በማንኪያ ያቆየሁት እኔ ነኝ» አለች።

ደባሱ፣ «እኔ ስላንቺ ከሰፈሩ ተቀያይሜያለሁ» አለ።

ስንዱ አንገቷን ደፍታ፣ «እኔ አንድ ቃል ነው የተናገርኩት። ግን ያን ዕለት ሌላ የተናገረው አልነበረም፤ እርስዎም ተቆጥተውኛል» አለች።

ወይዘሮ ሽታዬ የሦስቱንም አመኑ። ቀደው እንዳያካፍሉት ጋቢ ተቀዶ ጋቢ አይሆንም። ይዘውት እንዳይቀበሩ ምስጋናን ይዞ መቀበር ንፉግነት ነው። ጋቢውን ይዘው ተነሡ፤ ሦስቱም አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

እስኪ እናንተ ፍረዱ፤ ማንን ያልብሱ?