የአትጠገብ በር

አትጠገብ ችካሉ የተነቀለበትን ጉድጓድ አይታው ነበር ወይስ አላየችውም? የልጅ ልጇ እንጉዳይ ይህን ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ብታስበው ብታስበው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘችለትም።

በቀጨሞ ሜዳ ያለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ አራት በር አለው። ሦስቱ በአስፋልቱ በኩል ናቸው፤ ጥበቃም ፍተሻም አላቸው። አራተኛው ግን በጀርባ፣ በመንደሩ በኩል ያለ፣ መዝጊያ የሌለው ጠባብ ክፍተት ነው። የአትጠገብ በር ይሉታል። አዲስ ተማሪ የመጀመሪያ ቀን የሚገባው በዚያ ነው። ሻንጣ የያዘ እንደሆነ በጎኑ ካልዞረ አያልፍም፤ የመንደሩ ሴቶችም ቆመው «ቀስ በል እንጂ፣ ትምህርቱ አያመልጥህም!» እያሉ ይስቁበታል።

እንደሚነገረው ያኔ ዩኒቨርሲቲው አራት የቆርቆሮ ክፍል ብቻ ነበር። አጥር ሊሠራለት ቀያሾች መጥተው ችካል ሲተክሉ አንዱ በአትጠገብ ጎመን መሀል አረፈ። የመንደሩ ሰው የቀያሽ ችካል መች ያውቃል! «ደግ ሰዎች ናቸው፣ የጥጃ ማሰሪያ ተክለውልን ሄዱ» ተባብሎ በየችካሉ ጥጃውን አሰረ ይባላል። የአትጠገብ ጥጃ ጎትቶ ጎትቶ ነቀለው። እሷም አራስ ነበረች፤ ደንግጣ ነው አሉ፣ ችካሉን አንስታ በስተጎን ካለው ምንጭ ማዶ ተከለችው።

ገመዱ ሲወጠር ጎመኗ ተረፈ። መንደሩ ሁሉ የሚጠጣው ምንጭ ግን ግቢ ውስጥ ገባ።

ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር አትጠገብ መቀመጥ አቃታት ይባላል። ልጇን ታዝላለች፣ ታወርዳለች፣ መልሳ ታዝላለች። ሴቶቹ እንስራ ይዘው እስከ ወንዙ ሲወርዱ እያየች ሰነበተችና በመጨረሻ ግንበኛው ደምለው ዘንድ ሄደች።

«አያ ደምለው፣ ግንቡን ያጣመምኩት እኔ ነኝ።»

«የእኔን ግንብ? በውሃ ልክ የሠራሁትን?»

«ችካሉን ነው የምልዎ። ጥጃዬ ነቀለው፤ ካለቦታው የተከልኩት እኔ ነኝ።»

«እና ጉድጓዱን አላየሽውም?»

አትጠገብ መሬት መሬቱን እያየች የልጇን አንቀልባ አጠበቀች።

ደምለው፣ «እኔ አለቃ የፈረመበትን አጥር አላፈርስም። ልጅሽን ለሰው ስጪና እንስራሽን አዝለሽ ነይ» አላት። ስትመጣ ገና ካልተገነባው ቦታ አቆማትና ድንጋዩን በግራና በቀኟ ይደረድር ጀመር። «አትነቃነቂ! አጥፊዋም አንቺ፣ መለኪያዋም አንቺ» እያለ ይቆጣት ነበር አሉ። አለቃው መጥቶ ክፍተቱ ምንድን ነው ቢለው፣ «እንስራ የሚያልፍበት ነው ጌታዬ፣ ዝሆን አይደለም» ብሎ መለሰለት ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው አደገ፤ አራቱ ክፍል በሺህ የሚቆጠር ተማሪ የሚያድርበት ፎቅ በፎቅ ሆነ፤ አጥሩም ሦስት ጊዜ ወደ ውጭ ተገፋ። በተገፋ ቁጥር ግንበኞቹ ከመንደሩ አንዲት ሴት እንስራ አሳዝለው ያቆማሉ፣ በልኳ ክፍተት ይተዋሉ። ባለፈው የቆመችው የእንጉዳይ እናት ነበረች፤ ያኔ አትጠገብ እንስራ ልታዝል ለሰው የሰጠቻት ሕፃን።

ዘንድሮ ደግሞ አራተኛው መግፋት ነው። ችካሉ በእንጉዳይ ጓሮ፣ ለልጇ ድንችና ካሮት በምታወጣበት መደብ ላይ ተተከለ። ጥጃ መቼም ከዘመን ዘመን ጥጃ ነው፤ ዛሬ ጠዋት አጥር ጥሶ ገብቶ ገመዱ ተጠመጠመበትና ነቀለው። ቀያሾቹ ሰኞ ይመለሳሉ። ሠላሳ እርምጃ ፈቀቅ አድርጋ ብትተክለው ጓሮዋ ይተርፋል፤ የሚሄደው የጎረቤቷ የእትዬ ትሁኔ ጓሮ ይሆናል። እሳቸውም አምስት ነፍስ የሚያበሉት ከዚያው ነው። ያየ ሰው የለም።

እንጉዳይ ልጇን አዝላ፣ ችካሉን በእጇ ይዛ ቆማለች። አያቷ አይታ ይሁን ሳታይ እግዜር ይወቀው፤ እሷ ግን ጉድጓዱን አይታዋለች፣ እግሯ ሥር ነው ያለው። ይህን የምታነቡ፣ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እባካችሁ ምከሯት፤ እናንተ ብትሆኑ የት ትተክሉት ነበር?