የገብስ ፍሬ የምታህል አፍ

ተረት ተረት ልበላችሁ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ።

አንድ ንፉግ ጎተራ ነበረ። ከራሱ በላይ በሣር ክዳኑ ሥር ድንቢጥ ጫጩቶች ፈልፍላ ስትመላለስ ያይና ይብከነከን ነበር።

«አንቺ ሌባ፣ ልጆችሽን በእኔ ገብስ ልታሳድጊ ነው?» አላት።

«አያ ጎተራ፣ አንዳንድ ፍሬ መልቀሜንስ አልክድም። የልጆቼ አንጀት ግን እህል አይችልም፤ ለእነሱ ከማሳው ተምች ነው የማመጣው» አለችው።

ጎተራው አላመናትም። ለባለቤቱ አቤት አለ፤ ባለቤቱም ጫጩቶቹ በረው ሲወጡ ድንቢጧ የምትገባበትን ቀዳዳ በጭቃ ደፈነው። ጎረቤቱም ሁሉ እንዲሁ አደረገ፤ ድንቢጥ ከመንደሩ ጠፋች።

በከርሞው ገብሱ ሳያፈራ ተምች ጨረሰው። ጎተራው ባዶ ሆዱ ውስጥ ነፋስ እያፏጨ ወደ ተደፈነው ቀዳዳ ቀና አለ።

«ለካስ ይህን ሁሉ ተምች ስትለቅምልን የኖረችው የገብስ ፍሬ በምታህል አፏ ነው!»