ያልበቀለው ማሽላ

ቆላው ከደጋው በሚገናኝበት ሸንተረር ላይ፣ መስጂዷ ከገበያዋ ቀድሞ በተሠራባት አንዲት የጥንት ከተማ፣ ሙሄ ይማም የሚባሉ የእህል ነጋዴ ይኖሩ ነበር። አላህ ይዘንላቸውና አገሬው የሚጠራቸው አባ ሙሄ እያለ ነው። ከወጣትነት እስከ እርጅና እህል ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ፣ ከባለቤታቸው ከዘምዘም ጋር ልጅና የልጅ ልጅ ያዩ ሰው ነበሩ። አዛን ሲሰሙ ገዢ ፊታቸው ቆሞም ቢሆን "አውፍ በለኝ፣ ይቅርታህን፣ እመለሳለሁ" ብለው ይነሳሉ። ሲሰፍሩ ቁናውን እስኪከመር ይሞሉታል እንጂ በእጃቸው አይጠርጉትም። ስለዚህም ገበሬው "የአባ ሙሄ ዘር በረካ አለው" ይል ነበር።

አንድ ዓመት አንበጣ የሸለቆውን ምርት ሙልጭ አድርጎ በላው። ለዘር የሚሆን እህል የተረፈው ገበሬ ስላልነበረ፣ በልግ ሲደርስ አገሩ በሙሉ የማሽላ ዘር ከአባ ሙሄ ገዝቶ ዘራ። ዝናቡም እንደ ልብ ጣለ። ማሳው ግን ባዶውን ቀረ። ገበሬው አፈሩን በጣቱ እየጫረ ቢፈልግ ፍሬው እንደተቀበረ በስብሶ ያገኘዋል።

መጀመሪያ ሰዉ "ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ ምን ይደረጋል!" አለ። ውሎ አድሮ ግን "በማን ወንጀል ይሆን?" የሚል ወሬ ተነሳ። ይመር የሚባል ገበሬ በመሬት ምክንያት ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተጣልቶ፣ ከጀማዓ ሰላትም ርቆ ነበርና ጣቱ ሁሉ ወደሱ ተቀሰረ። እጁን ለሰላምታ ሲዘረጋ ሰዎች እጃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ሚስቱ ከምንጭ ባዶ እንስራ ይዛ ተመለሰች፤ ወረፋ የሚሰጣት አጥታ። በመጨረሻም ከጁምዓ ሰላት በኋላ ይመር አገር እንዲለቅ ሊነገረው ተመከረ።

በዚያው ሰሞን አባ ሙሄ ከበኩር ልጃቸው ከአህመዲን ጋር መጋዘን ሲያጸዱ፣ ከዘሩ የተረፈ አንድ ጆንያ ከጥግ አገኙ። አህመዲን አግብቶ የወለደ፣ የአባቱ ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ነበር። አባ ሙሄ ከጆንያው ዘግነው አሸተቱና ፊታቸው ተለወጠ። በበጋው ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ በጣሪያው ውሃ ገብቶ ነበር። ያኔ እህሉን ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ለዓይን ደህና ስለመሰላቸው መልሰው ከትተውታል። አሁን ጥቂቱን በእርጥብ ጨርቅ ቋጥረው ቤት አስቀመጡ። ቀናት አልፈው ቋጠሮው ሲፈታ አንድም ፍሬ አላቆጠቆጠም። ውስጥ ለውስጥ ግሎ ሞቷል።

አህመዲን ቋጠሮውን መልሶ አሰረ።

"አባ፣" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይህን ከእኔና ከእርስዎ በቀር ያየ የለም። ሰዉም ቀደር ነው ብሎ ተቀብሎታል።"

"ይመርስ ተቀብሎታል?" አሉ አባ ሙሄ።

አህመዲን "ስንሸጠው እኮ አላወቅንም" አለ።

"አዎ፣ ስንሸጠው አላወቅንም። ዛሬ ግን አወቅን።"

ዘምዘም በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ነገሩ ቤታቸውን ምን እንደሚያሳጣው ገብቷቸዋል። "የጁምዓ ልብስዎን አጥቤ አሰጣዋለሁ" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ጁምዓ ተሰግዶ ሲያበቃ ማንም ከመስጂድ አልወጣም። ይመር ከኋላ፣ በሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ኢማሙ ሸህ ሲራጅ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አባ ሙሄ ፈቃድ ጠይቀው ተነሱ። ያንን ቋጠሮ በእጃቸው ይዘዋል።

"ጀማዓ፣" አሉ፣ "ዘሩ የሞተው መሬት ሳይነካ ነው። በእኔ መጋዘን ውሃ ገብቶት ሞተ፤ እኔም ሳላጣራ ሸጥኩላችሁ። የይመር እጅ የለበትም። መጋዘኔ ለሐቃችሁ ክፍት ነው። አውፍ በሉኝ። አውፍ ለማይለኝም አልቀየምም።"

ከዚያ "ልጆቻችን ምን ይብሉ?" የሚል ጩኸት ተነሳ። አንዱ ዘሎ ጋቢያቸውን ጨምድዶ ያዘ። አህመዲን ደሙ ፈልቶ ሊነሳ ሲል አባቱ በእጃቸው ምልክት አስቀመጡት። የተያዘውን ጋቢያቸውንም ለማስለቀቅ አልታገሉም፤ ሰውየው ራሱ አፍሮ እስኪለቃቸው ቆሙ።

ይመር ሰዉን እየጣሰ መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

"አባ ሙሄ፣ ይህን ሁሉ ለእኔ ብለው ነው?"

"የለም ልጄ። ለራሴ ብዬ ነው።"

ይመር ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ሸህ ሲራጅም ዓይናቸውን በእጀታቸው እየጠረጉ "ሱብሃነላህ" አሉ።

ክረምቱ ገና ስላልገባ ለጤፍ ጊዜ ነበረ። አባ ሙሄ መጋዘናቸውን አራገፉ፤ አልበቃ ሲል በቅሎዎቻቸውን፣ ቀጥሎም ገበያው ዳር ያለውን መኖሪያ ቤታቸውን ሸጡ። አህመዲን ደጋ ወጥቶ የጤፍ ዘር አመጣ፤ መብቀሉ ከተሞከረ በኋላ ለየገበሬው ታደለ። ቤተሰቡ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለች ጠባብ ክፍል ገባ። የአገሩ ጤፍ ያማረ ሆነ። ሆኖም ደንበኛው ሁሉ አልተመለሰም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ከሌላ የገዛም አለ። አህመዲን በቀድሞ ቤታቸው ደጅ ሲያልፍ የሌላ ሰው ልጆች ሲጫወቱ እያየ ለዓመታት አንጀቱ ይቃጠል ነበር። አንድ ቀን ግን ደጋ ገበያ ላይ የማያውቀው ነጋዴ የማን ልጅ እንደሆነ ሲሰማ፣ "የዚያ ሰውዬ ልጅ ነህ?" ብሎ ጆንያዎቹን ያለ ዋስ አስጫነው። አህመዲን በዚያ መንገድ እያለቀሰ ወረደ።

አባ ሙሄ ብዙ ዘመን ኖሩ። ንግዱ ቀስ እያለ አገገመ፣ የልጅ ልጆቻቸውም ተዳሩ። ዓይናቸው ደክሞ አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ አህመዲን በልቡ ሲጠይቅ የኖረውን ጠየቃቸው።

"አባ፣ ያ ውሃ መጋዘን መግባቱ ቀደር አልነበረም ወይ? ስለምን ሁሉን በራስዎ ላይ ጫኑት?"

አባ ሙሄ ፈገግ አሉ። "ዝናቡ ከአላህ ነበር፤ ዝምታው ግን ከእኔ ይሆን ነበር።"

ወገኖቼ፣ በቀደር ማመን የኢማናችን መሠረት ነው። ልጁን የቀበረ፣ ማሳው የነጠፈበት ሰው በሱ ይጽናናል። እኛ ግን ስንቴ ነው በእጃችን ያበላሸነውን "አላህ ያመጣው ነው" እያልን ያለፍነው? አንዱ ይመር በኛ ፈንታ በር ላይ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥስ ስንቴ አይተን ዝም አልን? ዝም ብንል ማንም በማያውቅብን ሰዓት የሚናገር ምላስ አላህ ይስጠን። አሚን።