ግራ ጆሮው የተደፈነው ውርንጭላ

አንድ ጊዜ ቡላ የምትባል አህያ የበኩር ልጇን ወለደች። ደስታዋን አትጠይቁኝ። እየላሰች ስታደርቀው ቆይታ ራሱ ጋ ስትደርስ ግን ምላሷ ቀጥ አለ። ቀኝ ጆሮው እንደማንኛውም ውርንጭላ ረጅም ነው፤ የግራው ግን ባቄላ የምታህል ቁራጭ ሥጋ ብቻ ናት፤ ቀዳዳም የላትም፣ ድፍን ናት። ውርንጭላው ምን ቸገረው፤ እየተንገዳገደ ተነሥቶ ጡት ፈለገ። እናቱም ሸጋው ብላ ስም አወጣችለት።

ወሬው ግን ወዲያው ተነዛ። አንዷ አህያ፣ ፀሐይ ስትጋረድ ቡላ ሜዳ ላይ ቆማ ስለነበር ነው አለች። ሌላዋ፣ እርጉዝ ሆና ጨው ስለተሸከመች ነው ብላ ማለች። ክፋት አስበው ላይሆን ይችላል፤ አፋቸው አላርፍ ብሏቸው ነው። ቡላ ግን አንጀቷ አረረ። የነጨችውን ሣር ሳታኝክ፣ ምን አጥፍቼ ነው እያለች ትቆዝም ጀመር።

ሌላም ጭንቅ ነበረባት። የዚያ መንጋ ልማድ፣ ጅብ ሲታይ ሁሉም ባሉበት ቆመው በአንድነት ማናፋት ነው፤ ውርንጭሎችም ድምፁን ተከትለው ወደ እናቶቻቸው ይሮጣሉ። ሸጋው ድምፁን ይሰማል፤ ከየት እንደመጣ ግን ይጠፋዋል። እሷ ከወዲህ ስትጠራው እሱ ወዲያ ይሮጣል። መንጋው ይህን አይቶ፣ ልጅሽ እምቢተኛ ነውና ቅጪው ይላታል። እሷ ግን አንድ ቀን ጅብ አፍ ውስጥ ዘው እንዳይልባት ነበር የምትፈራው።

ይህን ሁሉ ቀበሮ ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ያያል። ያዘነ መስሎ መጣና፣ ጆሮ የሚያበቅል ቅጠል አውቃለሁ አላት።

«ብቻ እህቴ፣ ቅጠሉ የሚሠራው ልጁን ማንም ዓይን ካላየው ነው» አለ። «ጆሮው እስኪያድግ ልጅሽን ሸለቆው ውስጥ ደብቂው።»

ቡላ ልቧ የተመኘውን ስለነገራት አመነችው። በማግስቱ ጠዋት የሰጣትን ቅጠል አኝካ ቁራጭ ጆሮው ላይ ቀባችና፣ ሸጋውን ሸለቆ አስገብታ፣ ብቻውን ትታው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ መንጋው ተመለሰች።

ቀበሮም በቀጥታ ወደ ጅብ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ዛሬ መሮጥ መድከም የለም» አለው። «ሸለቆው አፍ ላይ ቁጭ በል። አህዮቹ ሲያዩህ ያናፋሉ፤ ውርንጭላው ይደናገርና ራሱ ይመጣልሃል። ብቻ ሳያናፉ ንቅንቅ እንዳትል።»

ጅብ እሺ አለ፤ ከሥጋውም ለቀበሮ እንደሚያስቀርለት ቃል ገባ። ጅብ ሲያስቀር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በዚያው ጠዋት ከወንዙ ማዶ አንዲት አሮጊት አህያ መጣች፤ ስሟ ዳልቻ ነው። የቡላን ወሬ ሰምታ ነው የመጣችው። አብሯት ጭነት የለመደ፣ ደረቱ የሰፋ ጎረምሳ ልጇ አለ። አንዱ ጆሮው ረጅም፣ አንዱ ቁራጭ። ቡላ እሱን ስታይ የያዘችው እንባ ገነፈለ።

«እትዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለች።

«ምንም» አለች ዳልቻ። «እኔም ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ብዙ ተቃጥያለሁ። ልጄ፣ ጀርባችን የሚሸከመው መች አነሰና ነው ያላጠፋሽውን የምትጨምሪበት?»

ከዚያ የምታውቀውን አንድ በአንድ አስረዳቻት። ልጁ እምቢተኛ አይደለም፤ በአንድ ጆሮ የሚሰማ ድምፁን እንጂ አቅጣጫውን ቶሎ አይለይም። ስለዚህ ከሩቅ አትጥሪው፣ በዓይኑ እንዲያይሽ ፊቱ ቁሚ። ስትሄዱ በተደፈነው ጆሮው በኩል ሁኚለት። ቡላ የቀበሮን ነገር ስታነሣባትም፣ ጆሮ የሚያበቅል ቅጠል የሚባል የለም አለቻት። ይህን ብላ ልጁ የት እንዳለ ጠየቀች። ቡላ ወደ ሸለቆው ስታመለክት አሮጊቷ ደንግጣ አብረዋት ወደዚያው ሮጡ።

መንጋው ሁሉ ተከትሏቸው ገደሉ አፋፍ ሲደርስ፣ ጅብ ሸለቆው አፍ ላይ ተቀምጧል። ሸጋው ጀርባውን ለጅቡ ሰጥቶ ሣር ይግጣል። አህዮቹ ሊያናፉ ደረታቸውን ነፉ።

«ዝም በሉ» አለች ዳልቻ። «አሁን ካናፋችሁ ልጁን የምታስበሉት እናንተ ናችሁ።»

አህያ ጅብ እያየ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ግን ዋጥ አደረጉት። ቡላ ከሸለቆው ጀርባ ባለው መንገድ ወረደችና ልጇ ፊት ለፊት ቆመች። ሸጋው ቀና ሲል እናቱን አያት፤ ሳይደናገር ቀጥ ብሎ መጣ። እሷም በግራው ሆና ይዛው ወጣች።

«ምን ትጎለታለህ፣ ያዘው እንጂ!» አለ ቀበሮ ከድንጋይ ጀርባ።

«ገና አላናፉም እኮ» አለ ጅብ።

እሱ ማናፋቱን ሲጠብቅ አህዮቹ ከኋላው ወርደው ነበር። የእርግጫ ዶፍ ወረደበት፤ እያነከሰም ሸሸ። ቀበሮ ከእሱ ቀድሞ ተፈትልኳል።

ከዚያ ወዲያ መንጋው ልማዱን አሻሻለ፤ ጅብ ሲታይ መጀመሪያ አንዱ ሮጦ ከሸጋው ግራ ይቆማል፣ ማናፋቱ ከዚያ በኋላ ነው። ጨው ነው ብላ የማለችው አህያም አፍራ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትሮጠው እሷ ሆነች።

ሸጋው ጭነት በጀመረበት ዓመት፣ ከተራራው ጀርባ አንዲት እናት ከሌሎች የተለየ ውርንጭላ ወልዳ ደብቃው ተቀምጣለች ተባለ። ቡላ ሣሯን ትታ ተነሣች፤ ልጇንም አስከተለች። ሄደሽ ምን ልትያት ነው ሲሏት፣ «ልጅሽን አሳዪኝ እላታለኋ» አለች።

ከዚህ የምንማረው ልጇ ከሌሎች ተለይቶ የተወለደባትን እናት የሚጠቅማት ጥፋት የሚፈልግባት ወሬኛ ወይም ተአምር የሚያወራላት ብልጥ ሳይሆን፣ መንገዱን አስቀድሞ አውቆት አጠገቧ የሚቆም ወገን መሆኑን ነው።