ያልደረሰ እጅ

አንድ ባለጸጋ የጨው ነጋዴ አንዳርጌ የሚባል ልጅ ነበረው። በዚያ አገር ልጅ ፊደል መቁጠር የሚጀምረው ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን መንካት ሲችል ነው። የነጋዴው ወንድም ልጅ ጆሮውን ነክቶ ትምህርት ገባ። የአንዳርጌ ጣቶች ግን ገና ከጆሮው በላይ ጸጉሩ ላይ ይቀሩ ነበር። ነጋዴው በዚህ እንቅልፍ አጣ። መቼም የሰው ቅናት መጨረሻ የለውም፤ በገዛ ወንድሙ ልጅ ክንድ ሳይቀር ይቀናል!

ልጁን እየጎተተ ወደ መምህሩ ሄደ።

«የኔታ፣ ዛሬውኑ ይቀበሉልኝ» አለ።

«እጁ ገና ነው ጌታው። ክረምቱ ይለፍና…»

«እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሊሉኝ ከሆነ ሰምቼዋለሁ! የተማሪዎችዎን ቀለብ የምሰፍረው እኔ መሆኔን አይርሱ። በሚመጣው ሳምንት አመጣዋለሁ፤ እጁም ይደርሳል።»

በዚያ ሳምንት እቤቱ ውስጥ ሳቅ አልተሰማም። አባት ጠዋት ማታ ልጁን አቁሞ ክንዱን ይስባል። ልጁ «አልችልም» ባለ ቁጥር ኩርኩም ይቀምሳል። አንድ ቀን ግን አንዳርጌ መላ አገኘ፤ አንገቱን ወደ ትከሻው ዘንበል ሲያደርግ ጣቱ ጆሮውን ነካ። አባቱ በደስታ አቅፎ ሳመው። ልጁም ገና ፊደል ሳያይ አንድ ትምህርት ተማረ፤ የሚሳመው አንገቱን ሲያጣምም መሆኑን።

ሳምንቱ ሲሞላ ልጁን ይዞ ተመለሰ፤ መምህሩም የተጣመመውን አንገት አይተዋል። ግን የተማሪዎቹን ቀለብ አሰቡና ዝም ብለው ተቀበሉት።

አንዳርጌ ከልጆቹ መሀል ተቀምጦ የእነሱን አፍ እያየ አብሮ ይጮህ ጀመር። «ገባህ?» ሲባል «ገባኝ» ይላል። «ደከመህ?» ሲባል «አልደከመኝም» ይላል። መምህሩ ከየት ጀምረው እንደሚያስተምሩት ግራ ገባቸው፤ ልጁ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም እኩል «አዎ» ይላቸዋልና።

ክረምቱ እንደገባ ነጋዴው መምህሩንና ልጁን ይዞ ወደ ወንድሙ ቤት ለዝክር ተነሣ። በመንገዳቸው ያለው ወንዝ ደፍርሶ ይጋልባል። ሊወስዳቸው የመጣው ወንድምየው ከራሱ ልጅ ጋር ቀድሞ ተሻግሮ ከማዶ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

«ጌታው፣ ልጁን በትከሻዎ ያሻግሩት» አሉ መምህሩ።

«የወንድሜ ልጅ በእግሩ ተሻግሮ! እያዩን እኮ ነው የኔታ። እሱን ራሱን ይጠይቁት።»

«አንዳርጌ፣ ትችላለህ ልጄ?»

ልጁ ውሃውን አየ። አባቱን አየ።

«እችላለሁ የኔታ» አለ።

ከዳር ብዙም ሳይርቅ ውሃው እግሩን ጠለፈው። ጭንቅላቱ ጠፋ፤ አንዴ ብቅ አለ፤ ተመልሶ ጠፋ። ነጋዴው እየጮኸ ዘሎ ገባ። የልጁ ልብስ በአንድ ቋጥኝ ባይያዝ ኖሮ አይደርስበትም ነበር። ጎትቶ አወጣውና ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘው። ያ ኩሩ ሰው በወንድሙ ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ለምን? ለምን አልችልም አላልክም ልጄ?»

አንዳርጌ ውሃ እያስታወከ ቀና ብሎ በፍርሃት አየው።

«አባባ፣ እንዲያ ማለት ይፈቀዳል እንዴ?» አለው።

ነጋዴው ልጁን አንሥቶ በትከሻው ተሸከመው። መምህሩ ግን ልጁን ቀና ብለው ሊያዩት አልደፈሩም።

ወዳጆቼ፣ የልጅ ክንድ በየልጁ ጊዜ ይረዝማል፤ ልቡናውም እንደዚያው ነው። ያልደረሰበትን «ካልደረስክ» ብለን ስናስጨንቀው የደረሰ መምሰልን ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ አባትም መምህርም የት እንዳለ ሊያውቁለት አይችሉም። ጎበዝ አስተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው ልጁ ካለበት ነው፤ እኛ ከምንመኝለት ቦታ መጀመር የሚችል የለም። ልጁ ደግሞ ያለበትን የሚነግረን የማይፈራን ሲሆን ብቻ ነው።

እስቲ ያስቡት፤ እቤትዎ ያለው ልጅ «ይሄ ገና ከበደኝ» ብሎ የነገረዎት መቼ ነው? ነግሮዎት የማያውቅ ከሆነ፣ ሁሉን ስለቻለ ይመስልዎታል?