ከውሃ የወጣ ይናገር

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህ የሆነው ሽመላ ወንዝ ድልድይ ሳያውቅ፣ የአያቴም አያት ገና ሳትወለድ ነው። እናቴ እንደነገረችኝ እነግራችኋለሁ። የረሳሁት ካለ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በሽመላ ወንዝ ዳር አሻጋሪዎች ይኖሩ ነበር። የፍየል አቁማዳ በትንፋሻቸው ይነፋሉ፣ አፉን ያስራሉ፣ ጭነቱን በላዩ ያደርጋሉ፣ መንገደኛውን ያስይዛሉ፤ ከዚያ ግማሹን በእግር ግማሹን በዋና ያሻግሩታል። ውሃው ድፍርስ ነው፤ ታቹ አይታይም። የቱ ጋ አለት እንዳለ፣ የቱ ጋ ጉድጓድ እንዳለ፣ የቱ ጋ አዙሪት እንደሚስብ የሚያውቀው እግር ብቻ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ደግሞ ወንዙ ታቹን ይለዋውጠዋል።

ታዲያ የእነዚያ ሰዎች ደንብ ምን ነበር መሰላችሁ? የረገጡትን አለመናገር። አባት ለልጁ በጆሮው ሹክ ይላል፤ ለወንድም እንኳ አይነገርም። መንገዴን ሰው ካወቀብኝ እኔን ማን ይፈልገኛል ይላሉ። ባንድ እሳት ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ ካንድ ገበታ ይበላሉ፤ ስለ ወንዙ ግን ዝም።

በዚያ ሰፈር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አቁማዳ ሰፊ ናት። ቆዳ ታለፋለች፣ ትሰፋለች፣ የተቀደደውን ትጠግናለች። ቆዳ ቆዳ ትሸታለች ብሎ ሰው ከአጠገቧ ብዙም አይቀመጥም። ባሏ ዳኘው አሻጋሪ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ገባ፤ አልወጣም። ከሾላው ፊት ለፊት አዲስ ጉድጓድ ተከፍቶ ኖሮ ዋጠው።

አርባው ከወጣ በኋላ የአሻጋሪዎቹ ታላቅ አያ ቢራራ መጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ።

«ጉድጓዱን በዋዜማው ረግጬው ነበር፣ እቴ» አላት። «አልተናገርኩም። እኛ አንናገርም።»

እሱም አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች። አልረገመችውም። በሳምንቱ ግን አንድ ልጇ አዳሙ የአባቱን ዘንግ አነሣና «እኔ ልግባ፣ እማ» አላት። አንጓች ያኔ ቆረጠች። ባሌን ዝም ብለው አስወሰዱት፤ ልጄን ግን ዝም ብለው አያስወስዱትም አለች በልቧ።

በማግሥቱ አሻጋሪዎቹ አቁማዳ ሊወስዱ መጡ። አንጓች በሯ ላይ ተቀምጣለች።

«አልሰጥም» አለች። «ትናንት ምን ረገጣችሁ? እሱን ያልነገረኝ አቁማዳ አይወስድም።»

ሳቁባት። ጫኔ የሚባል ቀልደኛ አሻጋሪ ነበርና «አንቺ አቁማዳ ሰፊ ነሽ ወይስ የነፍስ አባት?» አላት።

«የነፍስ አባትህማ ልትሞት ስትል ይደርስልሃል። እኔ የምፈልግህ በደኅናህ ነው።»

አንድ ቀን ሆነ፤ አልሰጠችም። ሁለት ቀን ሆነ፤ አልሰጠችም። ማዶ ነጋዴው ይጮኻል፣ ወዲህ አህያው ያናፋል። አዳሙ እንኳ «እማ፣ አሳፈርሽኝ እኮ!» አላት። በሦስተኛው ቀን አያ ቢራራ ከሰው መካከል ወጣ።

«ከግራሩ ፊት ለፊት፣ ሃያ እርምጃ ገባ ብሎ፣ የሚያዳልጥ አለት አለ» አለ። በዕድሜው ሙሉ የረገጠውን በሰው ሁሉ ፊት ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

አቁማዳውን ሰጠችው። ከዚያ ሌላው ተናገረ፤ ከዚያም ሌላው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከውሃ የወጣ ሁሉ ልብሱን ሳይጨምቅ አንጓች ፊት ይቆማል። «ምን ረገጥህ?» ትለዋለች። ይነግራታል።

ግን ሰው ሰው ነው፣ ልጆቼ። የተሳካላቸውን እየነገሩ ጥፋታቸውን መደበቅ ጀመሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ውቤ የሚባለው አሻጋሪ አንድ ቀን «ተንሸራትቼ የሰው ጨው ውሃ ውስጥ ከተትኩ» ብሎ በቅንነት ተናገረ። ጫኔ ይህን ሰምቶ «ውቤ ወንዙን አጣፈጠው!» እያለ በየደጁ አወራ። ሰፈሩ በሙሉ ውቤን «አጣፋጩ» አለው። ከዚያ በኋላ ማን ጥፋቱን ይናገር?

ብዙም ሳይቆይ የጫኔ የራሱ እግር በሁለት ድንጋዮች መካከል ተያዘ። ሊሰጥም ሲል በመከራ ወጣ። «ምን ረገጥህ?» አለችው አንጓች። «ምንም፤ ደኅና ነው» አላት። በማግሥቱ አያ ቢራራ በዚያው ገባ። እነዚያው ድንጋዮች እግሩን ያዙት፣ ሰበሩት። ጎትተው ሲያወጡት ነፍሱ አለች፤ ወንዝ ግን ዳግመኛ አልተሻገረም።

ጫኔ ፊቱ አመድ መሰለ። «አውቀው ነበር» አለ። ሰው ሁሉ ሊደበድበው ተነሣ። አንጓች መካከል ገባች።

«መጀመሪያ እኔን ምቱኝ» አለች። «ካቻምና ስፌቱ የላላ አቁማዳ ሰጥቼ መሐል ወንዝ ላይ ተነፈሰ። ሰውየው በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። ስፌቴ መሆኑን እያወቅኩ እሾህ ወግቶት ነው አልኩ።»

ጫኔን በእጁ ይዛ እሳቱ አጠገብ፣ በደኅናው ቦታ አስቀመጠችውና «በል ንገራቸው» አለችው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያለቀሰ ተናገረ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለች አንጓች «ጥፋቱን የተናገረ እሳቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ዋንጫ ጠላም የእሱ ነው። በተናገረው ላይ የሳቀ ከእኔ ቤት አቁማዳ የለውም።»

ጫኔ እንባውን ጠረገና «እንግዲያማ ዘንድሮ ብርድ አይነካኝም» አለ። ቀድሞ የሳቀው፣ እግሩ ታስሮ የተጋደመው አያ ቢራራ ነበር።

ሦስተኛው ፈተና ከራሷ መጣ። አንጓች የሰማችውን አትረሳም። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ዲያቆን ዳዊት እንደሚደግም ወንዙን በቃሏ ትደግመው ነበር። ስለዚህ ሌላው ማስታወሱን ተወ። «እት አንጓች ታውቃለች» ይላሉ። ጠዋት ይጠይቋታል፣ ትነግራቸዋለች፣ ይገባሉ። ዓመታት አለፉ፤ ውሃ የወሰደው ሰው የለም። እሷም ደስ ይላት ነበር። እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና «ሳይታወቃት ትንሽ ኮርታ ነበር» ትላለች።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የቆላ ንዳድ ያዛት። ምላሷ ታሰረ። በዚያው ሰሞን አዳሙ ስድስት ተሳላሚዎች ሲያሻግር ደራሽ ውሃ መጣ። አቁማዳዎቹን ነጠቃቸው። እነሱ መሐል ወንዝ ካለው ደሴት ላይ ወጡ። ውሃው ይጨምራል፤ ደሴቱ ያንሳል። አሻጋሪዎቹ ወደ አንጓች ቤት ሮጡ።

«እት አንጓች! ወደ ደሴቱ በየት በኩል ነው?»

አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። እንባዋ ብቻ ወረደ። ልጇ ደሴቱ ላይ ነው፤ መንገዱ በእሷ ራስ ውስጥ ነው፤ መውጫ ግን የለውም።

አያ ቢራራ በምርኩዝ እያነከሰ ገባ። «ለመሆኑ እሷ የምታውቀውን ማን ነገራት?» አለ። «እኛ አይደለንም እንዴ? በሉ፣ እያንዳንድሽ የነገርሻትን አውጪ!» ጠጠር አነሣና ወለሉ ላይ አኖረ። «ይቺን አለት እኔ ነገርኳት።»

ጫኔ ሁለት ጠጠር አኖረ። «እግር የሚይዙት እነዚህ ናቸው።» ውቤ አመድ በትኖ አሸዋው የት እንደሆነ አሳየ። ሌላው ጠጠር፣ ሌላው ጭራሮ አኖረ። አንጓች ከመደቡ ላይ ቀና ብላ ታያለች። ልክ ሲሆን ዐይኗን ትከድናለች፤ ሲስቱ ራሷን ትነቀንቃለች። ቀስ በቀስ፣ ልጆቼ፣ ሽመላ ወንዝ ከነአለቱ፣ ከነጉድጓዱ፣ ከነአዙሪቱ በዚያች ጠባብ ጎጆ ወለል ላይ ተዘርግቶ ተኛ። ፈጣሪ ካበጀው ጀምሮ የዚያን ወንዝ ታች ያየ ሰው አልነበረም። እግራቸው ብቻ ሲያውቀው የኖረውን ያኔ ዐይናቸው አየው። አማተቡ። አንዳንዱም ተንበረከከ።

አንድ ቦታ ቀረ፤ ደሴቱ ጥግ ያለው። እሱን አዳሙ ለእናቱ ብቻ ነበር የነገራት። አንጓች የመጨረሻዋን ጠጠር ራሷ አኖረች።

በገመድ ተያይዘው ገቡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስድስቱን ተሳላሚዎችና አዳሙን ይዘው ወጡ። አዳሙ ልብሱ እየተንጠባጠበ እናቱ ፊት ተንበርክኮ «እማ፣ የረገጥኩት…» ብሎ ሲጀምር በጣቷ አፉን ከደነች። አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ሰዎቹ አዞረችው። ለእነሱ ነገራቸው።

እግዚአብሔር ምሯት ምላሷ ተፈታ፤ ብዙ ዘመንም ኖረች። ከዚያ በኋላ ግን ለእሷ ብቻ የነገራት የለም፤ ከውሃ የወጣ ሁሉ በሁሉ ፊት ይናገር ጀመር። መስከረም ሲጠባም ወንዙ ዳር ተሰብስበው፣ ታላቁም አዲስ ገቢውም እየተጋገዘ፣ የወንዙን ታች በጠጠር ይሠሩታል። ዛሬ ድልድይ አለ፤ አቁማዳም ቀርቷል። የሽመላ ዳር ሰዎች ግን ጠጠሩን አሁንም በየመስከረሙ ያኖራሉ፤ «የአንጓች ወንዝ» ይሉታል። ከሩቅ አገር ወይም ከአዲስ ሥራ የተመለሰውንም ሰው ዐረፍ በል እንኳ ሳይሉት «ምን ረገጥህ?» ይሉታል። የቀናውንም የሳተውንም ይነግራቸዋል፤ እሳቱ አጠገብ ያለው ደኅናው ቦታም ይለቀቅለታል።

አንጓች በሸመገለች ጊዜ ዐረፈች። ከቀብሯ እንደተመለሱ ማዶ መንገደኛ ተጣራ። አሻጋሪዎቹ እንባቸውን ጠርገው አቁማዳቸውን ነፉና ገቡ። እንግዲህ መንገዱን ማን ይነግረናል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ ያለኝ ይህ ነው፤ አሁን እናንተም ዘንድ አለ።