ለክኒን ያስኮረጀው ሹፌር

አንድ ሹፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ሰው ጭኖ ዓባይ በረሃን ሲወርድና ሲወጣ ሃያ ዓመት ኖሯል። ስሙን ዘርጋው እንበለው።

ይህ ሰው አንዳንዴ ልቡ ድንገት ይነሳበትና ይጋልብ ነበር። ተራ መምታት እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን ዳገት መሐል ሞተሩ ጠፍቶ፣ አውቶብሱን የልቡ ምት ብቻ እየገፋ ጎሐ ጽዮን አደረሰው ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ የነገረኝም ሰው አልነበረም።

ሐኪም ዘንድ ሄደ። ዶክተር ምንትዋብ መረመረችውና፣ ከተወለደ ጀምሮ ልቡ ውስጥ አንድ ትርፍ የኤሌክትሪክ መስመር እንዳለ ነገረችው። ምቱን የሚያዘው ኤሌክትሪክ በዋናው መንገድ ይወርዳል፣ በዚያ ትርፍ መስመር አቋርጦ ተመልሶ ይወጣል፣ እንደገና ይወርዳል። አደባባይ ገብቶ መውጫ እንደጠፋው መኪና ይዞራል፤ ልብም አብሮ ይሮጣል።

ክኒን አዘዘችለት። ነገር ግን ክኒኑ መያዙ ሳይታይ መሪ እንዳይጨብጥ ከለከለችው። እንዴት ይታያል? በደም ሥሩ ቀጭን ሽቦ እስከ ልቡ ትሰዳለች፤ ሆን ብላ ልቡን ትቀሰቅሰዋለች። መድኃኒቱ ከያዘ አይነሳም፤ ቢነሳም ቶሎ ይበርዳል። ፈተና ነው አለችው።

ነገሩ የተበላሸው እዚህች ቃል ላይ ነው። ዘርጋው ከስምንተኛ ክፍል በኩረጃ የተባረረ ሰው ነው። ፈተና ሲሉት ዓይኑ የጎረቤት ወረቀት መፈለግ ይጀምራል።

ደግሞ ዘዴ ነበረው። አንድ ሽማግሌ ሹፌር ያስተማረው ነው፦ ልቡ ሲነሳ መኪናውን ጥግ ያስይዝና፣ ትንፋሹን ቆልፎ እንደምትወልድ ሴት ያምጣል። ብዙ ጊዜ ይመለስለታል።

ቀኑ ደረሰ። ተኛ፤ ሽቦው ገባ፤ ልቡን ቀሰቀሱት። ተነሳ። ዘርጋው አንሶላው ሥር ጥርሱን ነክሶ አማጠ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ልቡ ተመለሰ። ደገሙት፤ ደግሞ አማጠ፤ ደግሞ ተመለሰ።

ዶክተሯ ደስ ብሏት ወደ ሥራ የሚመልሰውን ወረቀት መጻፍ ጀመረች።

እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲጭር እየሰማ፣ የዓባይ ቁልቁለት ትዝ አለው። ስልሳ ሰው ከኋላው ተቀምጧል። ጥግ መያዣ የሌለው ኩርባ ነው። ልቡ እዚያ ላይ ቢነሳስ? መሪ እያዞሩ ማማጥ ይቻላል እንዴ? ሜዳ ላይ ቆሞ «ፍሬኔ ይይዛል» ያለ ስንት ሹፌር ገደል ገብቷል።

«ዶክተር፣ አይጻፉ» አላት። «የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ክኒኑ አይደለም።»

ዘዴውን ዘረዘረላት። ነርሷ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። ዶክተሯ ግን አልሳቀችም።

«ጋሽ ዘርጋው፣ የተፈተነውኮ ክኒኑ ነው። ምን ሆነው ነው ያስኮረጁት?»

ሳያምጥ እንደገና ቀሰቀሱት። ልቡ ጋለበ፤ በሽቦው ራሳቸው እስኪመልሱት ድረስ አልበረደም። ክኒኑ ወደቀ፤ ወረቀቱም ተቀደደ። ዘርጋው ከመሪው ርቆ፣ ሌላ መድኃኒት ጀምሮ፣ ሁለት ወር ቆይቶ ተመልሶ ተኛ። በዚያ ቀን እንደ ስሙ እጆቹን ዘርግቶ፣ ትንፋሹን ለቆ ዝም አለ። ቀሰቀሱት። ልቡ ሦስት እርምጃ ያህል ሮጠና ራሱ ተመለሰ። አልቅሷል ይላሉ፤ ይህንን ግን አምናለሁ።

ወገኖቼ፣ እኛስ?

«ቁጣዬን ትቻለሁ» እንላለን። መቼ አየነው? ሁሉ ሰው እሺ ሲለን? ጾምን፣ ጸለይን፣ መድኃኒቱን ዋጥን። ከዚያ ያ የበደለን ሰው በር ላይ ብቅ ይላል። ልባችን ይነሳል። ትንፋሻችንን ቆልፈን፣ ፊታችን በርበሬ መስሎ «ይቅር ብዬሃለሁ» እንለዋለን። ይህ ይቅርታ ነው ወይስ ማማጥ? እስከ የትኛውስ ኩርባ ያደርሰናል?

ከኋላችሁ የተሳፈሩ አሉ፤ ልጆቻችሁ አሉ፤ የትዳር ጓደኛችሁ አለ። አምጣችሁ ያገኛችሁት ወረቀት እነርሱን አያድናቸውም።

ሽቦ ሳይሰድ ልብን የሚያይ አምላክ አለ። እርሱን «አልያዘልኝም» በሉት። ወረቀቱ ይቀደድ። እርሱ ሌላ መድኃኒት አያጣም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ የሚቀሰቅሳችሁ ሰው ይጠብቃችኋል፤ ማን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። አታስኮርጁ። ትንፋሻችሁን ልቀቁና ልባችሁን እዩት።